ሰላም የማይባለው ሰው

አምቦ መጥታችሁ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገጣጠምን፣ እባካችሁ ሰላም አትበሉኝ። ኩራት አይደለም። የምኮራበት ነገር ቢኖረኝ ኖሮ እስካሁን ወሬው ደርሷችሁ ነበር። ለእናንተው ብዬ ነው። እኔ በሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የከተማው ሰው ግን ይህን ሁሉ ቃል ለመደርደር ጊዜ ስለሌለው "የእብድ ሐኪም" ብሎ ተገላግሎታል።

የጥርስ ሐኪም መንገድ ላይ አቅፎ የሳመው ሰው ጥርሱን ታመመ ተብሎ አይወራበትም። እኔ የጨበጥኩት ሰው ግን ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይገባል። አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊዬን በገበያ መሐል አቅፌ ሳምኩት። ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ የከፋው ጥፋቱ ቀጠሮ አለማክበር ነው። በዚያው ሳምንት ደንበኞቹ እየመጡ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ተረከቡት። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ሱቁን ይዘጋል።

ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ታካሚዬን መንገድ ላይ ሳገኝ ፊቴን ሳላዞር የሁለቱን ዐይኖቼን ሽፋን ቀስ ብዬ ዝቅ አደርግና መልሼ ከፍ አደርጋለሁ። እሱም እንደዚሁ። በቃ፣ ሰላም ተባብለናል። የእኛ አገር ሰላምታ ከቤተሰብ ተነስቶ ከብቱን፣ ሰብሉንና ጎረቤቱን ጠይቆ ካላለቀ አያልቅም፤ እኔና ታካሚዎቼ ግን ያን ሁሉ በዐይን ሽፋን እንጨርሰዋለን።

ሠርግ አልጠራም። ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥኩ ታዳሚው ምግቡን ትቶ "ይኼ ሰውዬ በየትኛው ወገን መጣ?" የሚለውን ሲያጣራ ይውላል። የሴቷ ወገን ወደ ወንዱ ይጠቁማል፣ የወንዱ ወገን ወደ ሴቷ። በዚህ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይጠየቃል፤ በዘር ውስጥ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ እብደት ነው። ስንቱ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ "እንዲያው የእገሌ ልጅ እዚህ ደርሶ ያውቃል?" ብሎኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፤ "አላውቀውም።" በዚህ ከተማ እንደ እኔ ሰው የማያውቅ ሰው የለም።

እንዲህ ተጠንቅቄ ስኖር ነው ተለማማጅ ሐኪሞች የተላኩብኝ። "ተላኩልህ" ነበር የተባልኩት፤ ቃሉን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ስለ እነዚህ ልጆች ምን ልበላችሁ? ገና ሳይመረቁ እርስ በርሳቸው "ዶክተር" ይባባላሉ። "ዶክተር፣ ቻርጀር ይዘሃል?" "የለኝም ዶክተር።" ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ምሳ ቤት ይገባሉ፣ ለብሰው ባጃጅ ይሳፈራሉ፣ ለብሰው ሙዝ ይገዛሉ። የሚያወልቁት ዎርድ ሲገቡ ብቻ ነው፤ እዚያ ይሞቃል ይላሉ። እኔን ደግሞ ነርስ ስለሆንኩ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ሳይካትሪስቱ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ። መጥቶ የማያውቅ ሰው መቼ ይመጣል ሲባል ምን ተብሎ ይመለሳል?

የሁሉም አለቃ ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ምላሱ ከቁመቱ የሚረዝም፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የሸመደደ። ችግሩ የበሽታውን ምልክት ካወቀ በኋላ ጤነኛ ሰው ማየት አቆመ። እጁን ደጋግሞ የሚታጠበውን ሥጋ ሻጭ በሽተኛ ነው አለ። ብቻውን ያወራል ያለው የባጃጅ ሹፌር በጆሮ ማዳመጫ ስልክ እያነጋገረ ነበር። አከራያቸው ስኳር መደበቅ ስለጀመሩ "ሰው ሁሉ ያጠቃኛል የሚል ጥርጣሬ" አለባቸው ተባለ፤ ስኳሩን ማን እንደጨረሰው ግን አልተመረመረም። እኔንም አልማሩኝም። ስለ ድብርት ሳስተምር ከኋላ "እሱም አለበት" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እነሱን እያስተማረ የማይደብተው ሰው ካለ፣ መመርመር ያለበት እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ከስብሰባ ስመለስ ናሆም አንዲት እናት አልጋ አስይዞ ጠበቀኝ። "ቲቸር፣ ጆሯቸው ላይ ድምፅ ይሰማቸዋል" አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

"ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?"

"ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል ወይ አልኳቸው። 'ኤዬ! ጌታ ይባረክ፣ ዛሬ ጠዋትም ሰምቻለሁ' አሉኝ።"

"ድምፁ ምን አላቸው?"

"'ተነሺ፣ ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጂ።'"

ልጃቸውስ የት አለች? ስል፣ የተመዘገበችው ታካሚ፣ ሦስት ቀን ምግብ አልቀምስ ያለችው ልጅ፣ አልጋው አጠገብ ቆማ ለእናቷ ውሃ ታቀብላለች። እናትየው ደግሞ ተኝተው ጌታ ለሰጣቸው ዕረፍት ያመሰግናሉ። በሕይወቴ አስታማሚና ታማሚ ቦታ ሲቀያየሩ ያየሁት ያኔ ነው። ፀጉሬን እየነጨሁ ልጅቷን ወደ አልጋዋ መለስኳት።

የዐይን ሽፋን ሰላምታዬን ያስተማርኳቸው በዚያው ሰሞን ነው። አጥብቄ ነገርኳቸው፤ "ታካሚ ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ አታውቁትም። እሱ ቀድሞ ካላናገራችሁ እንዳትናገሩ። ከቸገራችሁ ዐይን ብቻ።" ናሆም "የትኛው መጽሐፍ ላይ አለ?" አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ታካሚ ከባሏ ጋር ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘና ትምህርቱን በተግባር አዋለው። በአንድ ዐይኑ። ባልየው ሚስቱን የጠቀሰበትን ጎረምሳ በሸንኮራ አገዳ እያሳደደው ጎመን ተራ ላይ ደረስኩላቸው።

"ሁለት ዐይን ነው ያልኩህ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ሁለቱን ብጨፍንማ ሰውየው ሲመጣ አይታየኝም ነበር" አለ ትከሻውን እያሻሸ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘዴው ሳይንሳዊ አይደለም ብሎ ተወው።

አሁን ወደ ጫልቱ ልምጣ፤ ነገሩ የእሷ ነውና። ጫልቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከዓመታት በፊት በጣም ታማ ነበር፤ ቤተሰቧ ደብቆ አመጣት፣ ዳነች፣ ማስተማሯን ቀጠለች። መድኃኒቷን ግን ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሲበዛ፣ ዘንቢል ይዛ በጓሮው በር ትገባለች፤ ማንም ቢያያት ቲማቲም ገዝታ የምትመለስ ይመስለዋል። እንደ እሷ ያለ ታካሚ የለኝም። በልቤ ልጄ ናት፤ መንገድ ላይ ግን አላውቃትም።

የዚያን ቅዳሜ ስትመጣ ፊቷ ያበራል። ትስቃለች፤ ከዚያ ዐይኗ እንባ ይሞላል፤ መልሳ ትስቃለች። ናሆም ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለነበር አማርኛውን ትታ በኦሮምኛ አጫወተችኝ። የእንጭኒ ከተማ ልጅ፣ አስተማሪ ባልደረባዋ፣ ሊያገባት ነው። ሕመሟን ለእሱ ነግራዋለች፤ ምንም አላለም። ቤተሰቦቹ ግን አያውቁም፤ ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ፣ እሑድ ከቸርች መልስ፣ አባቷ ቤት ይመጣሉ። እንቅልፍ አጥታለች። ጫማ ገዝታለች፣ መጋረጃ ገዝታለች።

"ጋሼ፣ ሰው ከጠየቀዎት..." አለችኝ በመጨረሻ።

"አንቺን አይቼሽ አላውቅም" አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችኝና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። እውነቱን ልናገር፤ ደስታዋ ተጋብቶብኝ ለናሆም እንኳ ፈገግ አልኩለት። አንድም የኦሮምኛ ቃል የማይሰማው ናሆም ግን ያየውን አይቷል፤ ከልክ በላይ ሳቅ፣ ፈጣን ንግግር፣ እንቅልፍ ያጣ ዐይን፣ አዲስ ጫማ። መጽሐፉ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ "ማኒያ" ይባላል፤ ሰው ደስታው ከልክ አልፎ የሚታመምበት ሕመም ነው። ስለ ሙሽራ ደስታ መጽሐፉ አይናገርም።

እሑድ ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ ፂሜን እየተላጨሁ ስልኬ ጮኸ። ሕሊና ናት፤ ከተለማማጆቹ አንዷ፣ ትንሽ የምትሻለው።

"ቲቸር፣ ናሆም አልሰማ ብሎኝ ነው። ያቺ መምህርት አገርሽቶባታል ብሎ ልጆቹን ይዞ ቤቷ ሄደ።"

"ቤቷ?"

"አዎ። መርፌም ይዘዋል።"

ግማሽ ፊቴ ሳሙና፣ ግማሽ ፊቴ ፂም እንደሆነ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሹፌሩ አወቀኝ።

"ማነው ያበደው?" አለኝ ሞተሩን እያስነሳ።

"ማንም። ዝም ብለህ ንዳ።"

"እንዲህ ሆነው የወጡት ማንም ሳያብድ ነው?" አለና ፊቴን በመስታወቱ ደጋግሞ አየው። ከጫልቱ ሰፈር ራቅ ብዬ ወረድኩ። በዋናው በር ብገባ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎኝ ይገባል፤ ስለዚህ በጓሮ ልዙር አልኩ። በእኔ ዕድሜ አጥር መዝለል ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከፈለጋችሁ አትሞክሩት። ሱሪዬ ከጉልበቴ በላይ በሽቦ ተቀደደ። ጎመን መደብ ላይ ወደቅሁ። ውሻቸው ታስሮ ነበር፤ ሰንሰለቱ ግን እኔ ከገመትኩት ረዘም ይል ነበርና ጫማዬን ወሰደው።

በዚህ መልክ፣ ግማሽ ፂም፣ የተቀደደ ሱሪና አንድ ጫማ ይዤ በጓዳው በር ወደ ሳሎኑ ብቅ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አምቦ ውሃና ዳቦ ቀርቧል። ከመሐላቸው ናሆምና ጓደኞቹ ነጭ በነጭ ሆነው ለስላሳ ይጠጣሉ። የጫልቱ አባት ኦቦ ደቻሳ የዞን ቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ለድንገተኛ ነገር መልስ ማዘጋጀት በሥራ ለምደዋል። ልጆቹ በሩን ሲያንኳኩ ቶሎ ብለው "የልጄ የጤና ክበብ ተማሪዎች ናቸው፣ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ ነው" ብለው አስቀምጠዋቸዋል። ላባቸው ግን በአንገታቸው ይወርዳል። ናሆም መርፌው ያለበትን ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ጫልቱ እስክትወጣ ይጠብቃል።

ዐይኔ ከሽማግሌዎቹ መሪ ላይ ሲያርፍ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። የሙሽራው ታላቅ አጎት፣ ኦቦ ኩመራ ናቸው። የእኔ የሐሙስ ታካሚ። የእንጭኒ ሰው እንዳያያቸው ብለው ያን ሁሉ መንገድ ቆርጠው አምቦ ድረስ እየመጡ መድኃኒት የሚወስዱ ሰው። የዐይናቸውን ሽፋን ዝቅ፣ ከፍ አደረጉ። እኔም ዝቅ፣ ከፍ። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቀኛል፤ ሁሉም አያውቀኝም።

"ማንን ፈልገው ነው?" አሉኝ ኦቦ ደቻሳ፣ በዐይናቸው እየለመኑኝ።

"ጥጃ ጠፍቶብኝ ነው" አልኩ። "ቀይ ጥጃ። በዚህ አላለፈም?"

"አላየንም" አሉ ኦቦ ደቻሳ ቶሎ ብለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አዝነው፣ "ዋቀዮ ያስገኝልህ" አሉኝ። ልወጣ ዞርኩ። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

"ቲቸር!" አለ ናሆም ብድግ ብሎ። "እንኳን መጡልን! ጥጃ አለዎት እንዴ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ግን ጸጥታ አይገባውም። ወደ እኔ ሲዞር ኦቦ ኩመራን በደንብ አያቸውና ፊቱ በደስታ ፈካ። "ውይ አባባ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ሐሙስ እለት የሰጠንዎት ክኒን እንዴት ሆነ? ድምፁ ቀነሰልዎት?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያስተማርኩት ይህ ነው። ለዓመታት በጥንቃቄ የሸሸግኩትን ሁሉ፣ ይህ ረጅም ልጅ ለስላሳውን እንደያዘ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። አንቄ ልገድለው ስነሳ ኦቦ ኩመራ እጃቸውን አነሱ። ቀስ ብለው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ቀንሶልኛል ልጄ። ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑት። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ወደሚያዩዋቸው ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ምን ታዩኛላችሁ? በወር በወር አዲስ አበባ ለእህል ንግድ እሄዳለሁ የምላችሁ፣ እዚህ ነው የምመጣው። እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ የሚጮኽ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።"

ኦቦ ኩመራ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ የጓዳውን በር አዩ፣ ነጩን ጋዋን አዩ፣ የእኔን አንድ ጫማ አዩ። "እነዚህ ልጆች ግን እኔን ፍለጋ አይደለም የመጡት" አሉ። "እኔ ዛሬ እዚህ እንደምውል ማንም አልነገራቸውም።"

በዚያ ሰዓት የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ጫልቱ ወጣች። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅቷ ሳትጠራ አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች። አዲሱን ጫማ አድርጋለች።

"እኔን ፍለጋ ነው የመጡት" አለች። "ታምሜ ነበር። አሁንም መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጃችሁ ያውቃል።"

ከዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እንግዲህ የዘር ነገር..." ብለው ጀመሩ።

"የዘሩን ነገር ከእኛ ቤት እንጀምራ!" አሉ ኦቦ ኩመራ። "እኔን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ወደ እሷ ትመጣላችሁ።" ሽማግሌው ዳቦ አነሱ። ኦቦ ኩመራ ወደ ጫልቱ ዞሩ። "መድኃኒትሽን የምትወስጂው መቼ መቼ ነው?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"እኔ ሐሙስ ነኝ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ለዚህ ነዋ ያልተገናኘነው። ታኢ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ።" ጫልቱ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፤ አባቷም ጀመሩ፤ እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ሳሙና ዐይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አላልኩም።

ናሆም ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ "ቲቸር፣ ሕመሟን በራሷ አንደበት አመነች። ጥሩ ምልክት ነው። መርፌውን ልተወው?" አለኝ። ቦርሳውን ነጥቄ፣ ከእነ ጋዋኑ እየገፋሁ አስወጣሁት። ጫማዬን ከውሻው ያስመለሰልኝ ግን እሱ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

አሁን ፍትሕ የሚባለውን ነገር እዩልኝ። ናሆም ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ሠርግ ተጠራ። "ነገሩን ያፈረጠው ልጅ" ተብሎ ከሚዜዎቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ ዘንድ ግን ኦቦ ደቻሳ በጓሮው በር መጥተው ቆብ በእጃቸው ቆሙ። "ወንድሜ፣ አንተን መጥራት ነበረብን። ግን ድንኳኑ ውስጥ ሰው..." አሉ። "ገብቶኛል" አልኳቸው። "ድርሻህ ቤት ድረስ ይላካል" አሉኝ። እውነትም ተላከ፤ በክዳን ተሸፍኖ።

የሠርጉ ዕለት ምላጭ ልገዛ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ጫልቱ ነጭ ለብሳ ከፊተኛው መኪና ውስጥ አየችኝ፤ የዐይኗን ሽፋን ዝቅ፣ ከፍ። እኔም መለስኩላት። ናሆም ከሚዜዎቹ መኪና አንገቱን አውጥቶ ሲጨፍር አለፈ፤ ሱፉን ያሳመረው ጋዋን ስላልደረበበት ብቻ ነው። ከፊት ባጃጆች መንገዱን ዘግተው ኖሮ ሰልፉ ቆመና የመጨረሻው መኪና እፊቴ ደረሰ። መስታወቱ ወረደ። ኦቦ ኩመራ እስከ ወገባቸው ወጡና፣ ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "አከም ጅርታ፣ ሐኪም! ነጋ ጅርታ? ወርሪ ኬ ነጋ?" እያሉ፣ እኔንም ቤተሰቤንም እየጠየቁ፣ እጃቸውን አወዛወዙ።

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። እኔም ከልማዴ የተነሳ ማንን ሰላም እንዳሉ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።